ሃይብሪዱ ቁልቁለቱን አያውቅም

ሰሞኑን ከአዳማ የደረሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ የሃይብሪድ፣ ማለትም በቤንዚን ሞተርና በባትሪ የሚሄድ መኪና፣ ጉዳይ ናቸው።

«ከአዲስ አበባ ስወርድ ነዳጁ አይታወቀኝም፣ ስመለስ ግን ይጠጣል። ሃይብሪድ አይደለም እንዴ?» (ሾፌር፣ ፍራንኮ አካባቢ)

ዳገት ስለሚወጡ ነዋ! አዳማ ከአዲስ አበባ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። ቶን ተኩል የሚመዝን መኪና ያንን ከፍታ ለመውጣት ብቻ 0.8 ሊትር ገደማ ቤንዚን ይጨምራል፤ በእስክሪብቶ አስልቼዋለሁ። ሃይብሪድ ፍሬን ሲያዝ የሚባክነውን ጉልበት ወደ ኤሌክትሪክ ቀይሮ ባትሪው ውስጥ ያስቀምጣል፤ ፈጣን መንገዱ ላይ ግን ፍሬን ብዙም ስለማይያዝ ባትሪው የሚለቅመው ነገር ትንሽ ነው። ሃይብሪድ የሚክስዎት ከተማ ውስጥ፣ ከፊትዎ ያለው ባጃጅ በየመቶ ሜትሩ ተሳፋሪ ሲጭን ነው።

«መምህራችን ኢሲኤምኤስ ስለሚባል የቁጥጥር ዘዴ ነገሩን። በተግባር ምንድነው?» (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)

ጎበዝ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ደስ ይለኛል። ሃይብሪድ በየቅጽበቱ የሚወስነው አንድ ነገር አለ፦ ከሚፈለገው ጉልበት ስንቱ ከሞተሩ፣ ስንቱ ከባትሪው ይምጣ? ቀላሉ ዘዴ ደንብ መጻፍ ነው፤ ባትሪው ሲወርድ ሞተሩን አስነሳ፣ መኪናው ሲያዘግም አጥፋ። ኢሲኤምኤስ ግን ለባትሪው ኤሌክትሪክ የቤንዚን ዋጋ ያወጣለታል። አሁን ከባትሪ የወሰድከው በኋላ በቤንዚን የምትከፍለው ዱቤ ነውና፣ በየቅጽበቱ ርካሹን ድርሻ ይመርጣል።

ችግሩ የዱቤው ዋጋ በፊት ለፊቱ መንገድ ይወሰናል። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ስትወርድ አስበው። ፕሪየስ፣ የቶዮታው ሃይብሪድ፣ ባትሪውን በአብዛኛው ከ40 እስከ 80 በመቶ መካከል ነው የሚያቆየው፤ አፋፉ ላይ ሞልቶ ከደረሰ ከቁልቁለቱ የሚገኘው ጉልበት ማደሪያ አጥቶ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ካርታ አንብቦ የፊቱን መንገድ አስቀድሞ የሚያሰላ መቆጣጠሪያ፣ ለምሳሌ በሞዴል ፕሬዲክቲቭ ኮንትሮል የሚሠራ፣ ገና ሜዳው ላይ ባትሪውን ያራግፍ ነበር። ዳይናሚክ ፕሮግራሚንግ ደግሞ ጉዞውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አስቀድሞ ላወቀ ሰው የሚሆን ሒሳብ ነው፤ ጥቅሙ ሌሎቹን ዘዴዎች መመዘኛ መሆኑ ላይ ነው። ካርታ የሌለው መኪና የምትነዳ ከሆነ ያንን ሥራ የሚሠራው የአንተ እግር ነው፤ ቀይ መብራት ከሩቅ ካየህ እግርህን ከነዳጅ ፔዳሉ ላይ ቀድመህ አንሳ።

«ቁልቁለት ላይ ኒውትራል ላይ አድርጌ ብለቀውስ?»

በጭራሽ። ፕሪየስ ኤን (ኒውትራል) ላይ ከሆነ ባትሪው አይሞላም። ዲ ላይ፣ በተለመደው የመንጃ ማርሽ ላይ፣ ይተዉት። ቢ፣ መኪናውን በሞተሩ የሚይዘው ማርሽ፣ የተሠራው ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ እንዳይግል እንጂ ለቁጠባ አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ ቢ ላይ የሚነዱ ሰዎች አውቃለሁ፣ ተዉ ብላቸው አልሰማ ብለውኛል።

«ከኋላ ወንበር ጎን የሚጮኸው ምንድነው? ነዳጅም ጨምሯል።»

የባትሪው ማቀዝቀዣ ፋን ይመስለኛል። ባትሪው ሲግል ኮምፒውተሩ ይቆጥበዋል፣ ሸክሙም ወደ ሞተሩ ይዞራል። የአዳማን አቧራ መቼም አልነግርዎትም። በቅርቡ የአንድ ዘመዴን መኪና ሳይ አየር ማስገቢያው ላይ የልጅ ሹራብ ተወትፎበት፣ ከሥሩ ወንፊቱ በአቧራ ደልቦ አገኘሁት። መጀመሪያ ሹራብ ካለ ያንሱ፤ ከዚያ ወንፊቱን በለስላሳ ብሩሽ ያጽዱ። ጩኸቱ ካልቀነሰ መካኒክ ይየው።