የአንባቢያን ጥያቄ፦ የጤና ተማሪ ስለ ሥርዓተ ምግብ በማኅበራዊ ሚዲያ እስከ ምን ድረስ ይናገር?

ጥያቄ፦ የሦስተኛ ዓመት የነርስነት ተማሪ ነኝ። ስለ ሥርዓተ ምግብ አጫጭር ቪዲዮዎችን እያዘጋጀሁ በቲክቶክና በቴሌግራም እለቃለሁ። ስለ አትክልትና ፍራፍሬ ጥቅም የሠራሁትን ብዙ ሰው ተመለከተው፤ ከሥሩ ግን «አባቴ የኩላሊት ሕመምተኛ ናቸው፤ ያልሽውን ሁሉ መብላት ይችላሉ?» የሚል ጥያቄ አገኘሁ። ልመልስ ወይስ ዝም ልበል? ቪዲዮ ማቀናበሩን በሚገባ እችልበታለሁ፤ የሚጎድለኝ ክህሎት ምንድን ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ዝም አይበሉ፤ ይሁን እንጂ «ይችላሉ» ወይም «አይችሉም» ብለው አይፍረዱ። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂዎች በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲመገቡ ስለሚመክር፣ የቪዲዮዎ መልእክት ለአብዛኛው ሰው ትክክል ነው። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ግን በብዙ አትክልትና ፍራፍሬ ውስጥ የሚገኘውን ፖታሲየም የተባለ ማዕድን በሚገባ ማስወገድ ሊያቅተው ይችላል፤ በደም ውስጥ ከመጠን ያለፈ ፖታሲየም ደግሞ የልብ ምትን እስከ ማዛባት ይደርሳል። ለእኚህ አባት የሚስማማው መጠን የሚታወቀው ከደም ምርመራቸው፣ ከሕመማቸው ደረጃና ከሚወስዱት መድኃኒት በመሆኑ፣ እንዲህ ብለው ቢጽፉ ይበቃል፦ «ቪዲዮው የኩላሊት ሕመም ለሌለባቸው የተዘጋጀ ነው። አባትሽ የሚበሉትን ከመለወጣቸው በፊት የሚከታተላቸውን ሐኪም ወይም የሥርዓተ ምግብ ባለሙያ ያማክሩ።» ይህንኑ ሌሎችም እንዲያዩት ከአስተያየቶቹ ሁሉ በላይ ይስቀሉት። የምርመራ ውጤታቸውን በአደባባይ እንዲለጥፉ ግን ፈጽሞ አይጠይቁ፤ የሕመምተኛ ምስጢር በስልክም ላይ ምስጢር ነው።

የሚጎድልዎት ማስረጃን የመመዘን ክህሎት ይመስለኛል። የቤታ ካሮቲንን ታሪክ ይመልከቱ። በዚህ ንጥረ ነገር የበለጸጉ አትክልቶችን አዘውትረው የሚመገቡ ሰዎች በሳንባ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ዝቅ ያለ መሆኑን ብዙ ጥናቶች አሳይተው ስለነበር፣ ንጥረ ነገሩን በክኒን መስጠት ይከላከላል ተብሎ ታሰበ። በፊንላንድ በ29,133 አጫሽ ወንዶች ላይ የተካሄደውና ውጤቱ በ1994 እ.ኤ.አ. የታተመው ሙከራ ግን፣ በቀን 20 ሚሊግራም የወሰዱት በሳንባ ካንሰር የመያዝ መጠናቸው ካልወሰዱት በ18 በመቶ ከፍ ብሎ መገኘቱን ገለጸ። አትክልት የሚያዘወትር ሰው በአኗኗሩም ከሌላው ሊለይ ይችላል፤ በምግብ ውስጥ ያለ ንጥረ ነገርም ተነጥሎ በብዛት ሲወሰድ ጠባዩ ሊለወጥ ይችላል። እንግዲህ «ይህ ምግብ ካንሰርን ይከላከላል» የሚል ርዕስ ሲያዩ፣ ጥናቱ ሰዎችን በመከታተል ብቻ የተሠራ ነው ወይስ በዕጣ ተመድበው የተነጻጸሩበት ሙከራ ነው? በእነማን ላይ? በምን ያህል መጠን? ብለው ይጠይቁ። መልሱን የሕክምና ጥናቶች በሚፈለጉበት ፐብሜድ በተባለው ድረ ገጽ ላይ ከጥናቱ አጽሕሮት፣ ከተቻለም ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ከሚመዝኑት የኮክሬን ግምገማዎች ይፈልጉ። የተመልካች ብዛት ስለ እውነትነቱ የሚነግረን ነገር የለም።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። ተከታይዎ ሲበዛ ምርታቸውን እንዲያስተዋውቁ የሚጠይቁዎት አይጠፉም። ክፍያ ከተቀበሉ በግልጽ ይናገሩ፤ የእናት ጡት ወተት ተተኪዎችን ግን ጨርሶ አያስተዋውቁ፤ በ1981 እ.ኤ.አ. የጸደቀው ዓለም አቀፍ ደንብ እነዚህ ምርቶች ለሕዝብ እንዳይተዋወቁ ይጠይቃል፤ የጤና ተማሪ ደግሞ ከማንም በላይ ሊያከብረው ይገባል።

ጥያቄ፦ የጤና ሳይንስ መምህር ነኝ። የተማሪዎቼን ዲጂታል ክህሎት በመጠይቅ ብለካ በቂ ነውን?

መልስ፦ በቂ አይደለም። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣውና ስምንት ጥያቄዎች ያሉት የታወቀው የኢ-ጤና ንቃት (የጤና መረጃን ከኢንተርኔት ፈልጎ የመረዳትና የመጠቀም ችሎታ) መለኪያ እንኳ ተማሪው ስለ ራሱ ችሎታ ያለውን ግምት የሚጠይቅ በመሆኑ፣ በራስ መተማመኑን እንጂ ሥራውን አያሳይም። ይልቁንስ በስፋት የተሠራጨ አንድ የአመጋገብ ቪዲዮ ሰጥተው ምንጩን እንዲያጣራና በአንድ ደቂቃ የሚታይ ምላሽ እንዲያዘጋጅ ያድርጉት። ከዚያም ምላሹን የጤና ትምህርት ላልተማረ ሰው አሳይቶ፣ ምን እንደተረዳ በራሱ አነጋገር እንዲነግረው ይጠይቀው፤ ሰውየው የተናገረው ከታሰበው ከተለየ፣ ተማሪው ቪዲዮውን ሳይለቅ እንደ ገና ይሥራው።