ጀማይካ ቤይ ወፍ ለማየት፦ መልስ

እህቴ፣ «ኒውዮርክ ውስጥ ያለ መኪና ከልጆች ጋር ወፍ የምናይበት ቦታ አለ?» ላልሽው፣ ጀማይካ ቤይ የሚባለውን የወፎች መጠበቂያ ሞክሪ። ኤ (A) የሚባለውን የከተማ ባቡር ይዘሽ ብሮድ ቻናል ጣቢያ ውረጂ። ከዚያ ሩብ ሰዓት ትንሽ አለፍ የሚል የእግር መንገድ ነው። መግቢያው ነፃ ነው።

ከልጆች ጋር ዌስት ፖንድ የሚባለውን ኩሬ ዙሪ፤ ሦስት ኪሎ ሜትር የማይሞላ ሜዳ መንገድ ነው። በ2012 (በፈረንጆች) ሳንዲ የተባለው አውሎ ነፋስ የኩሬውን ግድብ ጥሶ የባሕር ውኃ አስገብቶበት ነበር። የተጠገነው በፈረንጆች 2017 ነው። በኒውዮርክ በጋ ኦስፕሬይ የሚባለው ዓሣ አዳኝ ጭላት ረጃጅም እንጨት ላይ ጎጆ ሠርቶ ታዪዋለሽ። ሰኔ ላይ ደግሞ ኤሊዎች እንቁላል ለመጣል መንገዱን ያቋርጣሉ፤ የኔ ልጆች ከወፉ ይልቅ በኤሊው ነው ያበዱት!

ሌላው ኩሬ፣ ኢስት ፖንድ፣ ነሐሴ ላይ በስደተኛ ወፎች ይሞላል፤ ግን ጭቃው ጫማ ይውጣል። ለልጆች አይሆንም።

የትንኝ መከላከያ እንዳትረሺ፣ እኔ ረስቼ አይቼዋለሁ። ጸጥታ አትጠብቂ፤ ኬኔዲ ኤርፖርት አጠገቡ ስለሆነ አውሮፕላኑ ከወፉ እኩል ነው።