ራዲዮግራፊ ለደረሳችሁ ልጆች

የመጀመሪያ ዓመት ጨርሳችሁ ድልድል ሲወጣ ስማችሁን ራዲዮግራፊ ላይ ያገኛችሁ ልጆች፣ ይሄን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ብዙዎቻችሁ አንደኛ ምርጫችሁ ሕክምና ነበር፣ አውቃለሁ። ቤት ስትናገሩም «ራጅ አንሺ ልትሆን ነው እንዴ?» የሚል አጎት አይጠፋም። እኔ የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በዚህ ሙያ ስለሆነ የማውቀውን በግልጽ ልንገራችሁ።

ሰው ስለዚህ ሥራ የሚያስበው በሽተኛውን ማሽኑ ፊት ማቆምን፣ «ትንፋሽህን ያዝ» ማለትንና ቁልፍ መጫንን ነው። እሱ በጥቂት ወራት ይለመዳል። ዓመታት የሚፈጀው ከቁልፉ በፊት ያለው ነው። ምን ያህል ጨረር ይበቃል? ከየት አቅጣጫ ይነሳ? ይሄ ሰው ባለፈው ሳምንት ሌላ ቦታ ተነስቶ ከሆነስ፣ እንደገና መነሳቱ ምን ይጠቅመዋል? የላከው ሐኪም በዚያ ሰዓት አጠገባችሁ የለም፤ ምስሉን የሚያነበው ራዲዮሎጂስትም የለም። ክፍሉ ውስጥ ያላችሁት እናንተና በሽተኛው ብቻ ናችሁ፣ ስለዚህ ውሳኔው የእናንተ ነው። እኔ ይሄን ሙያ የምወደውም፣ ገና ሳትጀምሩት በቁም ነገር እንድትይዙት የምለምናችሁም በዚህ ምክንያት ነው።

ፊዚክስ አትሽሹ። ተማሪዎች አናቶሚውን ወደውት ፊዚክሱን ለፈተና ብቻ ይሸመድዱታል፣ ከዚያ ሆስፒታል ሲገቡ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር እየገለበጡ ይሠራሉ። ቀጭን አሮጊትም ትምጣ ወፍራም ጎልማሳ፣ ቁጥሩ አንድ ነው። ኪሎቮልቱ ጨረሩ ሰውነትን ሰንጥቆ የማለፍ አቅሙን እንደሚወስን፣ ሚሊአምፔር ሰከንዱ ደግሞ ብዛቱን እንደሚወስን በደንብ የገባው ሰው ግን በሽተኛውን አይቶ ያስተካክላል።

ዲጂታል ማሽን ከመጣ ወዲህ ደግሞ ይሄ እውቀት ይበልጥ ያስፈልጋል። በፊልም ዘመን ጨረር ካበዛችሁ ፊልሙ ጠቁሮ ይወጣና ሁሉም ሰው ስህተቱን ያየዋል። አሁን ኮምፒውተሩ ራሱ አስተካክሎ ጥሩ ምስል ያወጣላችኋል፤ በሽተኛው የወሰደው ትርፍ ጨረር ግን አይታይም። ጨረር ሲያንስ ምስሉ ነጠብጣብ ይበዛበትና ሐኪሙ ይቆጣል፣ ሲበዛ ማንም አይናገርም። ስለዚህ ባለሙያው ሳያውቀው ቀስ በቀስ እያበዛ ይሄዳል። ማሽኑ ከምስሉ ጋር የሚያሳየውን የኤክስፖዠር ኢንዴክስ፣ ማለትም መቀበያው ላይ ምን ያህል ጨረር እንደደረሰ የሚጠቁመውን ቁጥር፣ የማየት ልማድ ከተማሪነታችሁ ጀምራችሁ ያዙ።

አሁን ወደ ደረት ራጅ ልምጣ፣ ምክንያቱም እኛ አገር ከምንም በላይ የምታነሱት እሱን ነው። ቲቢ አለ፣ የሳንባ ምች አለ፣ ልብ አለ። ወደ አረብ አገር ለሥራ የሚሄዱ ልጆችም የጤና ምርመራቸው ላይ ደረት ራጅ ይነሳሉ። አንዷን ልጅ አስቧት። ቤተሰቧ ተበድሮ ነው ለጉዞ ያዘጋጃት። ፀጉሯን ሹሩባ ተሠርታ መጥታለች። ሹሩባው ትከሻዋ ላይ እንደወረደ ካነሳችኋት ጥላው ሳንባዋ አናት ላይ ያርፋል፤ ቲቢ ብዙ ጊዜ የሚታየውም እዚያው አናቱ ላይ ነው። «ጠርጥረናል» ተብሎ ከተጻፈባት ጉዞዋ ሊቀር ነው። ይሄ እንዳይሆን የሚያስፈልገው ፀጉሩን ወደ ላይ ማስያዝ ብቻ ነበር! ደረቷ በትክክል ካልዞረ፣ ትንፋሽ በደንብ ካልሳበች፣ የትከሻዋ ጠፍጣፋ አጥንት ከሳንባው ላይ ካልተነሳም እንደዚያው ነው። ከጀርባ ወደ ፊት በ180 ሴንቲሜትር ርቀት መነሳት ያለበት ሰው ተኝቶ ከፊት ወደ ጀርባ ከተነሳ ልቡ ከእውነተኛው መጠኑ ገዝፎ ይታያል። ተኝቶ መነሳቱን ምስሉ ላይ ካልጻፋችሁ ጤነኛው ሰው የልብ በሽተኛ ሊባል ይችላል። ቀኝና ግራ ምልክቱንም አትርሱ፣ ለነገ አትበሉት።

አንገት ላይ ያለውን ነገር በአክብሮት ዞር አስደርጉ። ማተቡ ላይ የብር መስቀል ያሰረች እናት «አውልቂ» ስትባል ትደነግጣለች፣ ክታብ ያሰረም እንደዚያው። ክሩን መበጠስ አያስፈልግም። «እማማ፣ ፎቶው ላይ እንዳይወጣብን ወደዚህ ዞር እናድርገው» ብትሏቸው ራሳቸው ይረዷችኋል።

እርግዝናን መጠየቅ ደግሞ ከሁሉም የሚከብድ ነው፤ በተለይ ልጅቱ ከእናቷ ወይም ከወንድሟ ጋር ከመጣች። በሌላ ሰው ፊት ብትጠይቋት «አይደለሁም» ማለቷ አይቀርም፣ እውነቱ ሌላ ቢሆንም። ስለዚህ ቤተሰቡን ውጪ አስቀምጣችሁ፣ በሩን ዘግታችሁ፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ የመጨረሻ የወር አበባዋ መቼ እንደነበር ጠይቋት። ወንድ ከሆናችሁ ሴት ባልደረባችሁን ጥሯት። ወረፋው ረጅም ነው ብላችሁ ይቺን አትዝለሉ።

ስለራሳችሁ ደህንነት የሚወራውን ሰምታችኋል፤ «ያመክናል»፣ «ካንሰር ያመጣል»። ጨረር አደገኛ ነው፤ ግን የሚለካና የሚታወቅ ነገር ነው። ሰው ከአፈርና ከሰማይ ከሚመጣው የተፈጥሮ ጨረር በዓለም አማካይ በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ያህል ይወስዳል። በአግባቡ የተነሳ ደረት ራጅ 0.1 ወይም ከዚያ በታች ነው። የሆድ ሲቲ ስካን ግን ከ5 እስከ 10 ሊደርስ ይችላል፣ ስለዚህ ሲቲ እንደ ቀላል ነገር አይታዘዝም። በጨረር ለሚሠራ ሰው ዓለም አቀፉ ገደብ በአምስት ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት ነው፤ ሥራውን በሥርዓቱ የሚሠራ ራዲዮግራፈር ከዚያ በጣም ርቆ ይኖራል። ከጨረሩ ምንጭ ርቀታችሁን እጥፍ ስታደርጉ የሚደርስባችሁ ወደ ሩብ ይወርዳል። ልጅ አቅፋችሁ አትያዙ፤ መያዝ የግድ ከሆነ ያላረገዘ ዘመድ ሊድ ኤፕሮን (ጨረር የሚከላከል የእርሳስ ሽርጥ) ለብሶ ይያዝ።

የተማራችሁት ሊለወጥም ይችላል። እኛ የበሽተኛውን የመራቢያ አካል በሊድ መሸፈን ግዴታ ነው ተብለን ነው የተማርነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያዎች ማኅበር ይሄ እንደ ልማድ መደረጉ እንዲቆም መክሯል፤ የዛሬ ማሽን ጨረሩ ትንሽ ነው፣ ሽፋኑ ደግሞ ማየት የሚፈለገውን አካል ሊጋርድ ወይም ማሽኑን አታልሎ ጨረሩን ሊያስጨምር ይችላል። ያነበባችሁትን ዓመቱን እያያችሁ አንብቡ።

ኤምአርአይ ጨረር የለውም ብላችሁ ደግሞ አትዘናጉ። በ2001 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ አንድ የ6 ዓመት ልጅ ማግኔቱ ስቦት በበረረ የኦክስጅን ሲሊንደር ተመትቶ ሞቷል። ማግኔቱ ማታም ሥራ ላይ ነው፤ የጽዳት ሠራተኛዋም ይሄን ማወቅ አለባት።

በሽተኞች «ምን አለብኝ?» ይሏችኋል። ፊታችሁንም ያነባሉ። ምርመራውን የሚናገረው ሐኪሙ ነው፤ እናንተ ውጤቱ መቼ እንደሚደርስና ከማን እንደሚወስዱ በደንብ ንገሯቸው። ግን ሕይወት የሚያሰጋ ነገር ካያችሁ፣ ለምሳሌ ሳንባው የተኮማተረ ወይም ጭንቅላቱ ውስጥ ደም የፈሰሰበት ሰው፣ ወረፋ ሳትጠብቁ ሐኪሙ ጋ ሄዳችሁ ንገሩት።

ስለ ገንዘቡ፦ የመንግሥት ደሞዝ አያወላዳም፣ የግል የምርመራ ማዕከላት የተሻለ ይከፍላሉ፣ ብዙ ሰው ሁለቱንም ይሠራል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፣ የሙያ ፈቃድ ፈተናም አለ፤ እስከ መጨረሻው ዓመት አታቆዩት። አሜሪካ ያላችሁ ወይም ለመሄድ የምታስቡ ደግሞ ይሄን እወቁ፦ እዚያ በአብዛኛው የሚጠየቀው የኤአርአርቲ (የራዲዮግራፊ ባለሙያዎችን የሚመዘግበው የአሜሪካ ተቋም) ፈተና ነው፣ ለፈተናው ለመቀመጥ ደግሞ እነሱ የሚያውቁት ትምህርት ቤት መማር ይጠየቃል። የሁለት ዓመቱ የአሶሼት ዲግሪ ለመጀመር ይበቃል። ባችለሩ ለማስተማርና ለኃላፊነት ቦታ ይጠቅማል።

ለተግባር ልምምድ የምትመደቡበትን ሆስፒታል በጊዜ አጣሩ። ማሽኑ ይሠራል ወይ? ስንት ተማሪ አንድ ክፍል ውስጥ ይቆማል? የሚያስተምር ሰው አለ ወይስ ዝም ብላችሁ ታያላችሁ? በመጀመሪያው ቀን ደግሞ የጨረር መለኪያ ባጅ ጠይቁ። «ለተማሪ የለም» ካሏችሁ ለትምህርት ክፍሉ በጽሑፍ አመልክቱ፣ ባጁን ስታገኙም በየጊዜው የሚወጣውን ውጤት ራሳችሁ ጠይቃችሁ እዩት።