የቡድን ሥራን በጋራ ሰነድ ለማሠራት ለምታስቡ ወጣት መምህራን

ውድ የሙያ ልጆቼ፣

የተማሪዎቻችሁን የቡድን ሥራ በጉግል ዶክስ፣ ማለትም ብዙ ሰው በኢንተርኔት አንድ ሰነድ በጋራ በሚጽፍበት መሣሪያ፣ ብታሠሩ ይበጅ እንደሆነ ጠይቃችሁኛል። ከጡረታ በፊት በነበሩት ዓመታት የአማርኛ ድርሰት ያስተማርሁት ይህንኑ እየሞከርሁ ነውና የማምንበትን ልንገራችሁ። ይበጃል፤ የሚበጀው ግን እያንዳንዱ ተማሪ ለብቻው ያሰበውን ይዞ ሲገባበት ነው።

በአንድ ለአምስት አደረጃጀት የሚሆነውን ታውቃላችሁ። አንዷ ጎበዝ አምሽታ ትጽፋለች፣ የሁሉም ስም ሽፋኑ ላይ ይሰፍራል፣ ማርኩም እኩል ይታደላል። ወረቀቱ ይህን አይናገርም። የጋራ ሰነዱ ግን ማን ምን እንደ ጻፈ፣ መቼ እንደ ሰረዘና እንደ ለወጠ በየጸሐፊው ቀለም ለይቶ ያቆያል። ይህን የወደድሁት ለቁጥጥር ስለሚመች አይደለም። አንድ ልጅ «ስደት መጥፎ ነው» ብሎ የጀመረውን አንቀጽ ደጋግሞ አፍርሶ፣ ጎረቤቱ ለደላላ ለመክፈል በሬዋን እንዴት እንደ ሸጠች ወደሚተርክ ጽሑፍ ሲያደርሰው ማየት ለመምህር ትልቅ ነገር ነው። ያለቀለት ድርሰት ብቻ ሲቀርብልን ይህ ድካም አይታየንም፤ ያላየነውን ደግሞ ማበረታታት አንችልም።

ሆኖም ያ የለውጥ ታሪክ የሚያሳስትበት ጊዜ አለ። አምስት ልጆች በአንድ ስልክ ሲሠሩ ሥራው ሁሉ በስልኩ ባለቤት ስም ይመዘገባል። በራሱ አካውንት ሳይገባ የጻፈውም በስሙ አይታወቅም። ወረቀት ላይ ሲደክም አምሽቶ ጓደኛው የገለበጠለት ልጅ በሰነዱ ውስጥ ከነጭራሹ የለም። ስለዚህ ቀለም ቆጥራችሁ ማርክ አትስጡ፤ እለምናችኋለሁ። መጀመሪያ ሁሉም በደብተሩ ይጻፍ፣ እናንተም እዩት፤ ሰነዱ ከዚያ በኋላ ይከፈት።

ይህ አካሄድ ለአገራችን አዲስ አይደለም። የቅኔ ተማሪ ለብቻው ሆኖ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ማለትም አስቦ ያዘጋጃል፤ ከዚያ በኋላ ለመምህሩ ይነግራል፣ ጓደኞቹም እየሰሙ ይታረማል። በጋራ መታረሙ ፍሬ የሚያፈራው የሚታረም ነገር ይዞ ስለሚቀርብ ነው።

የዳታ ነገር አለ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ስልክ ባለውና በሌለው ተማሪ መካከል ያለውን ርቀት እናንተው ተማሪ ሆናችሁ አይታችሁታል። ሰነዱ አስቀድሞ ስልክ ላይ ከተቀመጠ ያለ ኔትወርክም ይጻፍበታል፤ ኔትወርክ ሲገኝ ለውጡን ያደርሳል። ይህን አስተምሯቸው። ስልክ ለሌለው ልጅ ግን «ከጓደኛህ ተዋስ» ማለት መፍትሔ አይደለም። የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር የሚገኝበትን ክፍለ ጊዜ አስፈቅዱለት፤ ካልተገኘ ያ ሥራ ለሁሉም በወረቀት ይሁን። አንዱን ልጅ ተለይቶ በሚያሳፍረው መንገድ የሚሰጥ የቤት ሥራ፣ የቱንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን፣ እኔ አልቀበለውም።

አስተያየታችሁን በተመለከተ፣ የልጁን ዓረፍተ ነገር ራሳችሁ ገብታችሁ አታቃኑት፤ ሰነዱ ይህን እጅግ ቀላል ስለሚያደርገው ይፈትናል። በኅዳጉ ላይ ጥያቄ ጻፉ፦ «ይህን ማን ነገረህ?» «በሬው ስንት ተሸጠ?» ልጁ እዚያው ይመልስላችኋል፣ ጓደኞቹም ይጨምሩበታል። በቀይ እስክሪብቶ የታረመ ወረቀት ብዙ ጊዜ ታጥፎ ቦርሳ ውስጥ ይቀራል፤ እዚህ ግን ንግግሩ ይቀጥላል።

ለቡድኑ የቴሌግራም መልእክት የምትመልሱበትን ሰዓት ወስናችሁ ንገሯቸው። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ የሚመልስ መምህር ጠዋት ክፍል ውስጥ ደክሞት ይቆማል።

በአንድ ክፍልና በአንድ ድርሰት ጀምሩ። ለመጀመሪያው ሥራም ማርክ አትያዙበት፤ ልጆቹ መሣሪያውን እስኪለምዱት ድረስ ሳይሰጉ ይጻፉ፣ ይሰርዙ፣ ይከራከሩ።