ስድስት ዳንሰኛ፣ አንድ ኪቦርድ፣ አንድ ማሲንቆ፦ ምን እንስራ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ የአምዱ አዘጋጅ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ባሌት የምንለማመድ አራት ሴትና ሁለት ወንድ ልጆች አሉ፣ አሰልጣኛቸው እኔ ነኝ። ዘንድሮ ከዚሁ ጀምረን ደብረ ሲና፣ ሸዋሮቢት እና መሀል ሜዳ እየዞርን ለማሳየት አስበናል። ኪቦርድ ጥሩ አድርጎ የሚጫወት ልጅ አለን፣ አንድ ማሲንቆ ተጫዋችም እሺ ብሎናል። ግማሾቹ ልጆች ስዋን ሌክን (የቻይኮቭስኪን፣ ሴቶች ስዋን የሚባለውን ነጭ ወፍ ሆነው የሚደንሱበትን ትልቅ ባሌት) በፍላሽ ከፍተን እንስራ ይላሉ፣ እኔ ደሞ ሙዚቃው ላይቭ ቢሆን ደስ ይለኛል ግን የትኛውን ስራ እንደምመርጥ ግራ ገባኝ። እባክዎ ይምከሩኝ። (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ እህቴ እንደምን አለሽ። በመጀመሪያ ስዋን ሌክን ተዪው። ሙዚቃው ከፍቶ አይደለም፣ የሐይቁን ዳር ትዕይንት በተለምዶ 24 የሚሆኑ ስዋኖች ናቸው የሚሞሉት፣ አራት ሴት ልጅ ይዘሽ ስትገቢ ሰው የሚያየው የቀሩትን 20 ነው። ትልቁን ቆራርጦ ከማሳነስ ከመነሻው ለትንሽ ቡድን የተሰራውን መያዝ ነው የሚያዋጣው፣ እዚህ ላይ ድርድር የለኝም። ሩሲያዊው የሙዚቃ ደራሲ ስትራቪንስኪ ራሱ በ1918 (በኛ መስከረም 1911 መሆኑ ነው) የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ብሩንም ቲያትሩንም ሲያሳጣው "የወታደሩ ታሪክ" የተባለውን በትረካና በዳንስ የሚቀርብ ስራ ለሰባት ሙዚቀኛ ብቻ ጽፎ ከከተማ ከተማ እንዲዞር ብሎ ነበር ያሰናዳው፣ ስዊዘርላንድ፣ ሎዛን ላይ ታየና ዙሩ በዛ ዓመት ኢንፍሉዌንዛ ምክንያት ቀረ፣ እኛ የህዳር በሽታ የምንለው ያው እሱን ነው።

ልጆቹ ስዋን ካልሆነ ሞተን እንገኛለን ካሉሽ የምትሞተዋ ስዋን አለችልሽ፣ የባሌት ፈጣሪው ፎኪን ለሩሲያዊቷ ዳንሰኛ ለአና ፓቭሎቫ የሰራው፣ አንዲት ልጅ ብቻዋን ሦስት ደቂቃ አካባቢ የምትደንሰው። ሙዚቃው ፈረንሳዊው ደራሲ ሴን ሳንስ በ1886 በፈረንጆቹ ለቼሎ (ወፍራም ድምፅ ላለው ትልቅ ባለአውታር መሣሪያ) እና ለሁለት ፒያኖ የጻፈው ነው። ቼሎ ስለሌለን ማሲንቆው ይግባበት እንዳትይ አደራ፣ ዜማው በጣም ሰፊ ቦታ ይሄዳል፣ ማሲንቆ በአንድ ጭራ እዛ ድረስ ማሳደድ ሁለቱንም ማዋረድ ነው፣ ለብቻ ፒያኖ የተዘጋጀ ቅጂ ስላለ ኪቦርድ ተጫዋቹ እሱን ያጥና።

ዋናው ሀብትሽ ግን ፖላንዳዊው የፒያኖ ደራሲ ሾፓን ነው። ፎኪን "ሌ ሲልፊድ" የተባለውን ባሌት የሰራው በሾፓን የፒያኖ ስራዎች ላይ ነው፣ ኦርኬስትራው በኋላ የመጣ ነገር ስለሆነ በፒያኖ ብቻ ብትሰሪው ማንም ጎደለ አይልሽም። ሙሉውን አትሞክሪ፣ እሱም ብዙ ሴት ይፈልጋል፣ ሶሎዎቹን (የአንድ ሰው ዳንሶቹን) እና የሁለቱን ዳንስ አውጥተሽ ያዢ። ለምሳሌ ኦፐስ 28 ቁጥር 7 የሚባለው ፕሪሉድ (አጭር የፒያኖ ስራ) 16 ባር ብቻ ነው፣ አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም፣ ከዝላይ ይልቅ ክንድና አንገት ነው የሚያጎላው። ኪቦርዱ 88 ቁልፍ ያለውና ጣት ሲጫነው የሚከብድ ዓይነት ይሁን፣ ሰርግ ላይ የምናየው ቀላሉ ኪቦርድ ሾፓንን መጫወቻ ያስመስለዋል። መብራት ሲጠፋስ ካልሽ ጀነሬተር አዳራሹ ስር አታስነሺ፣ ለስላሳውን ክፍል ጩኸቱ ይበላዋል፣ ኢንቨርተር ከባትሪ ጋር ተከራይታችሁ ያዙ።

ላይቭ ያልሽው ልክ ነሽ፣ ምክንያቱ ደሞ ቴምፖ (የሙዚቃው ፍጥነት) ነው። ፍላሽ ልጅቷ ትንፋሽ አጥሯት እንደሆነ አያውቅም። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ነው፣ መሀል ሜዳ ከዛም ይበልጣል፣ ሸዋሮቢት ደሞ ጣርማበርን ወርደሽ ቆላ ነው፣ አንድ ዝላይ ሦስቱም ቦታ እኩል አይወጣም። ተጫዋቹን ጀርባውን ለመድረኩ ሰጥቶ እንዳታስቀምጪው፣ እግሯን የሚያይበት ጎን ይቀመጥ፣ ልጅቷ ለመዝለል ጉልበቷን ስታጥፍ እሱ ነው የሚጠብቃት፣ እሷ አይደለችም የምታሳድደው። ይሄ ልምምድ ላይ ካልተሰራ መድረክ ላይ አይመጣም፣ ስለዚህ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ልምምዱን በፍላሽ ሳይሆን ከሱ ጋር አድርጉት።

ማሲንቆውን ለሁለተኛው ክፍል አቆዪው። ትዝታ ላይ የሁለት ሰው ዳንስ፣ ቀጥሎ ስድስታችሁም እስክስታ ከባሌት እርምጃ ጋር፣ ሰዉ እዛ ጋ ነው ወንበሩ ላይ የሚነቃው (የመንዝ ሰው ትከሻ ላይ ቀልድ አያውቅም፣ እስክስታውን በደንብ ተለማመዱ)። ሁለቱ አብረው ሲጫወቱ ማሲንቆው ይቃኝ ለኪቦርዱ እንጂ ተቃራኒው አይሁን። ደሞ የማሲንቆ ቆዳ ጉም ሲነካው ይረግባል፣ ሙቀት ሲያገኝ ይወጠራል፣ ጣርማበርን አልፋችሁ ወዲያው ሸዋሮቢት መድረክ ከወጣችሁ ቅኝቱ ይሸሻል፣ ቀደም ብሎ ከሳጥኑ ወጥቶ አዳራሹን ይልመድ። ጥር ላይ ግን ተጫዋችሽን አታገኚውም፣ ሰርግ ነው፣ ሁዳዴ ላይ ደሞ ዘፈን ይዘሽ አትዞሪም፣ ጥቅምትና ህዳርን ያዢ።

ወለሉን ሳልረሳው፣ ብዙ አዳራሽ ሲሚንቶ ነው፣ ሲሚንቶ ላይ በጣት ጫማ (በእግር ጣት ጫፍ በሚያስቆመው በጠንካራው የባሌት ጫማ) አታቁሚያቸው፣ ዝላይም ቀንሺ። ለስላሳ ጫማ ይበቃል፣ ስዋኗንም በዛው አላምጃት።

የመብት ነገር፦ ሾፓንም ሴን ሳንስም ከሞቱ ቆይተዋል፣ ሙዚቃቸው ነፃ ነው። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ ላይ መስራት ሊያምርሽ ይችላል፣ እኔም ያምረኛል፣ ግን ያረፉት በኛ 2015 ነው፣ የኛ የቅጂ መብት አዋጅ (410/1996) ደራሲው ካረፈ በኋላ 50 ዓመት ይጠብቃል። መብቱን ለያዙት ጽፈሽ ፈቃዱ በእጅሽ ሳይገባ ፖስተር አታሳትሚ።