ሐኪም የነደፈው ምክር ቤት፦ ስለ ቀደምት አሜሪካ አማተር አርክቴክቶች ጥያቄና መልስ

ጥያቄዎቹ የሚያጠነጥኑት ሙያቸው ሌላ ሆኖ የአዲሲቱን አሜሪካ መልክ በነደፉ ሰዎች ላይ ነው፤ ፕሬዚዳንቱ ቶማስ ጀፈርሰን፣ ዶክተር ዊልያም ቶርንተን፣ ቻርልስ ቡልፊንች፣ ጆርጅ ዋሽንግተን። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጠበቃና ነጋዴ እንዴት ሕንጻ ይነድፋል? የሚማሩበት ቦታ ነበራቸው?

መልስ፦ አልነበራቸውም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ኪነ ሕንጻ የሚያስተምር ተቋም አልነበረም። ግንበኛና አናጺ ሙያውን ከአሠሪው እጅ ይወርሳል፤ ገንዘብና ጊዜ ያለው ሰው ደግሞ ከለንደን የሚመጡ ባለሥዕል መጻሕፍትን ያጠናል። ሁለቱ ሲገናኙ ሕንጻ ይቆማል። የፊላደልፊያው የነጻነት አዳራሽ ግንባታ በ1732 ሲጀመር ጉዳዩን የመሩት ጠበቃው አንድሩ ሃሚልተን ነበሩ፤ ዋናው አናጺ ግን ኤድመንድ ውሊ ነው። የኒውፖርቱ ነጋዴ ፒተር ሃሪሰንም በ1763 የተመረቀውን የቱሮ ምኩራብ የነደፈው በዚሁ መንገድ ነው። የሴቶቹን ሰገነት የሚሸከሙት 12 ዐምዶች የ12ቱ ነገደ እስራኤል ምሳሌ ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የሁለተኛ ዓመት የኪነ ሕንጻ ተማሪ ነኝ። «ከመጽሐፍ መንደፍ» በተግባር ምን ማለት እንደሆነ በዐምድ ቢያስረዱኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ የሁሉም መነሻ የዐምዱ የታችኛው ዲያሜትር ነው። እነዚህ ሰዎች በተከተሉት በጣሊያናዊው አርክቴክት በፓላዲዮ ሥርዓት የዐምዱ ቁመት፣ እግሩና ራሱ ጭምር ተቆጥሮ፣ እንደ ዐምዱ ዓይነት በቱስካን 7 ዲያሜትር፣ በዶሪክ 8 ገደማ፣ በአዮኒክ 9፣ በኮሪንትያን 9 ተኩል ነው። በረንዳሽ 6 ሜትር የሚረዝም የአዮኒክ ዐምድ ይፈልጋል እንበል። 6ን ለ9 ስታካፍዪ 67 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል፤ ይህ ዲያሜትሩ ነው። እሱን ደግሞ ለ60 ስትከፍዪው አንዱ እጅ 1.1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። የእግሩ ክብ፣ የራሱ ጥቅልል፣ ከላይ የሚጋደመው ድንጋይ ውፍረት ሁሉ የሚለካው በዚህች ትንሽ መለኪያ ነው። በሁለት ዐምዶች መካከል ያለው ክፍተት ለአዮኒክ 2 ዲያሜትር ከሩብ ነው፤ እዚህ ላይ 1.5 ሜትር።

ስለዚህ ማካፈል የሚችልና እጁ የማይንቀጠቀጥ ሰው ያማረ የፊት ገጽታ መሣል ይችል ነበር። መጽሐፉ የማይነግረው ሌላ ነው፦ የአካባቢው ድንጋይ ሳይሰነጠቅ ምን ያህል እንደሚጋደም፣ የዝናቡ ውኃ በየት እንደሚወርድ። የአማተሮቹን ሥራ ስትመረምሪ ስህተቱን መጀመሪያ እዚያ ፈልጊው፤ ምጣኔያቸው ላይ እምብዛም አታገኚውም።

ጥያቄ፦ የዋሽንግተኑን ካፒቶል፣ የአገሪቱን ምክር ቤት ሕንጻ፣ የነደፈው ሐኪም ነው ሲባል እውነት ነው? ችግር አልገጠመውም?

መልስ፦ እውነት ነው። ዶክተር ቶርንተን በካሪቢያን የብሪታንያ ደሴቶች የተወለደ፣ በስኮትላንድ ሕክምና የተማረ ሰው ነው። በ1792 ለካፒቶል ውድድር ሲወጣ ሽልማቱ 500 ዶላርና በከተማው ውስጥ አንድ ቦታ ነበር። የቶርንተን ንድፍ የደረሰው ቀኑ ካለፈ በኋላ ቢሆንም ዋሽንግተንም ጀፈርሰንም ወደዱት።

ችግሩ የወጣው ሌላው ተወዳዳሪ፣ ሙያውን የተማረው ፈረንሳዊው ኤትየን ሃሌ፣ ንድፉን እንዲመረምር ሲታዘዝ ነው። ዐምዶቹ በጣም ተራርቀው ስለተቀመጡ ከላያቸው የሚጋደመው ድንጋይ ራሱን መሸከም አይችልም ነበር። ድንጋይ ሲጫኑት ጠንካራ፣ ሲያጎብጡት ደካማ ነው፤ ክፍተቱ ሲሰፋ ከሥሩ ይሰነጠቃል። ከዚህ ሌላ ደረጃዎቹ ላይ ለጭንቅላት የሚበቃ ከፍታ አልነበረም፤ አንዳንድ ክፍሎችም ብርሃን አጡ። በ1793 ሐምሌ ፊላደልፊያ ላይ ስብሰባ ተደርጎ የቶርንተን ገጽታ እንዲቀር፣ የውስጡ አከፋፈል ግን በሃሌ እንዲታረም ተወሰነ። የመሠረት ድንጋዩ መስከረም 18 ተቀመጠ። ሃሌ በበኩሉ በመካከል ክብ አዳራሽ በሚመጣበት ቦታ አራት ማዕዘን መሠረት አስጀምሮ በ1794 ተሰናበተ። በእኔ አስተያየት ሃሌ በምህንድስናው ልክ ነበር፤ ሕንጻው ዛሬም የሚታወቅበትን ቅርጽ ያየው ግን ቶርንተን ነው።

ጥያቄ፦ ጀፈርሰን ፓሪስ ተቀምጦ የሪችመንዱን ካፒቶል፣ የቨርጂኒያን ምክር ቤት፣ እንዴት አሠራ?

መልስ፦ በሞዴል ነው። በ1785 ከቨርጂኒያ ንድፍ ሲጠየቅ ከአርክቴክቱ ክሌሪሶ ጋር ሆኖ በደቡብ ፈረንሳይ ኒም ከተማ ያለውን የሮማውያን ቤተ መቅደስ መሠረት አደረገ። ያን ጊዜ ቤተ መቅደሱን በዓይኑ አላየውም ነበር፤ ያየው በ1787 ነው። ንድፉ ውቅያኖስ እስኪሻገር ሪችመንድ ላይ መሠረት መጣል ተጀምሮ ስለነበር፣ በልኬት የተሠራ የጂፕሰም ሞዴል በመርከብ ላከ። ይህ ብልህ ውሳኔ ነበር፤ ሥዕል ማንበብ የማይችል ግንበኛም ከሞዴል ላይ መለካት ይችላል። የኒሙን የኮሪንትያን ዐምድ በአዮኒክ የቀየረው የኮሪንትያን ቅጠል ለመቅረጽ ከባድ ስለሆነ ነው። ቤተ መቅደስ መስኮት የለውም፣ ቢሮ ግን ያስፈልገዋልና በጎኖቹ መስኮት ተከፈተ። የፊት ለፊቱ ታላቅ ደረጃ ግን ቀረ፤ የተሠራው ክንፎቹ ሲጨመሩ፣ ከ1904 እስከ 1906 ባለው ጊዜ ነው።

ጥያቄ፦ የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ጉልላት ለምን ተቃጠለ?

መልስ፦ ጉልላቱን የተሸከመው፣ ጀፈርሰን የነደፈው የዩኒቨርሲቲው ክብ ሕንጻ ዲያሜትሩም ቁመቱም 77 ጫማ፣ 23.5 ሜትር ገደማ ሲሆን የጥንቱ የሮማ ቤተ መቅደስ የፓንቴዮን ግማሽ ያህል ነው። የሮማው ጉልላት ኮንክሪት ነው፤ የጀፈርሰን እንጨት። ፓሪስ ባየው የእህል ገበያ አዳራሽ ዘዴ አጫጭር ሳንቃዎች በቅስት ተቆርጠው፣ መጋጠሚያቸው እየተፈራረቀ በላይ በላዩ ይቸነከራሉ። ረጅም ግንድ አይጠይቅም፣ ቀላል ነው፣ ሰፊ ቦታ ይከድናል። እሳት ሲነካው ግን ያው ማገዶ ነው፤ የፓሪሱ በ1802 ተቃጥሏል። እዚህ እሳቱ በጥቅምት 1895 ከኋላ ከተጨመረው ሕንጻ ተነሣ። መገናኛውን በዳይናማይት ለመቁረጥ ቢሞከርም አልተሳካም። አርክቴክቱ ስታንፎርድ ዋይት እንደገና ሲሠራው ጉልላቱ በእሳት በማይበገር ሸክላ ሆነ፤ የውስጡ ወለሎች ወደ ጀፈርሰን ንድፍ የተመለሱት በ1970ዎቹ እድሳት ነው።

ከዚያው ግቢ ሌላ ትምህርት፦ የዐምድ ራሶችን የሚቀርጹ ጣሊያናውያን በ1819 መጡ፤ የአካባቢው ድንጋይ ግን ለረቂቅ ቅርጽ አልሆነም። ራሶቹ ከካራራ እብነ በረድ ጣሊያን ተቀርጸው ተጫኑ። የዐምዶቹ አካል ደግሞ ድንጋይ ይመስላል እንጂ በልስን የተሸፈነ ጡብ ነው።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲው የአትክልት ቦታዎች አጥር እንደ እባብ የሚጠማዘዘው ለውበት ነው?

መልስ፦ ለቁጠባም ነው። ውፍረቱ አንድ ጡብ ብቻ ነው። ቀጥ ያለ ቢሆን ነፋስ ይገፋው ነበር፤ መጠማዘዙ ራሱ ድጋፍ ይሆነዋል።

ጥያቄ፦ ሥራውን በእጁ የሠራው ማን ነው? ስሙ የሚጠራው ሁልጊዜ የጌታው ነው።

መልስ፦ የጀፈርሰን መኖሪያ ሞንቲቼሎም ዩኒቨርሲቲውም በአብዛኛው በባርነት በተያዙ አፍሪካውያን አሜሪካውያን ጉልበትና ሙያ የቆሙ ናቸው። ጭቃ የቆፈሩት፣ ጡብ የተኮሱት፣ ከ1794 ጀምሮ ምስማር የቀጠቀጡት እነሱ ናቸው። የሞንቲቼሎ የተዋጣለት አናጺ ጆን ሄሚንግስ በባርነት የተያዘ ሰው ነበር። ከእሱ ጋር ደግሞ እንደ ጄምስ ዲንስሞር ያሉ በደመወዝ የሚሠሩ አየርላንዳውያን አናጺዎች ነበሩ። ጀፈርሰንን ጠርቶ እነዚህን የሚዘል ጽሑፍ ስለ ሕንጻው ግማሹን ብቻ ነው የሚነግራችሁ።

ጥያቄ፦ ቡልፊንችስ?

መልስ፦ በ1793 ቦስተን ውስጥ 16 ቤቶች በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ማሠራት ጀመረ፤ ገንዘቡ አልተሰበሰበም፣ በ1796 ከሰረ። ከዚያ በኋላ ያ የትርፍ ጊዜ ፍቅር እንጀራው ሆነ። በ1798 የተመረቀው የማሳቹሴትስ ምክር ቤት ጉልላት በእንጨት ተከድኖ ውኃ ስላስገባ በ1802 መዳብ ለበሰ፤ ወርቁ የመጣው በ1874 ነው።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ዋሽንግተን አካባቢ ነው። ከልጆች ጋር የትኛውን ብናይ ይሻላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቶርንተን ከነደፈው «ኦክታጎን» ከሚባለው ቤት ጀምሩ፤ ከኋይት ሀውስ በእግር የሚደረስ ነው። ስሙ ስምንት ማዕዘን ቢልም ልጆቹ ማዕዘኖቹን ይቁጠሩ፤ ስድስት ያገኛሉ፣ ሰባተኛው ከፊት ለፊት ያለው ክብ ክፍል ነው። ንድፉ እንዲህ የሆነው ቦታው ሁለት ጎዳናዎች በሹል ማዕዘን የሚገናኙበት ስለሆነ ነው። ቀጥሎ ወደ ማውንት ቨርነን ውረዱ። የዋሽንግተን ቤት ግድግዳ የተጠረበ ድንጋይ ይመስላል፤ በቅርበት ሲታይ ጠርዙ የተላገ የጥድ ሳንቃ ነው፣ ቀለሙ ሳይደርቅ አሸዋ የተረጨበት። በመግቢያው በኩል ራቅ ብላችሁ ስትቆሙ መስኮቶቹ እኩል እንዳልተራራቁ ታያላችሁ፤ አሮጌው ቤት ሳይፈርስ በግራና በቀኝ ስለተቀጠለበት ነው። በወንዙ በኩል ያለው ባለ ሁለት ፎቅ ከፍታ በረንዳ ግን እስከ ዛሬ በአሜሪካ ቤቶች ላይ ይቀዳል፤ ጥልቀቱ ከ4 ሜትር በላይ ነው፣ ከሰዓት በኋላም ጥላ ነው።