ሌዘሩ አረፋና ብናኝ አይለይም

«በኬሚስትሪ ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። አሁን ቂሊንጦ ያለ የግሉኮስ ፋብሪካ ለጥራት ክፍል ቃለ መጠይቅ ጠርቶኛል። በግሉኮሱ ውስጥ ያለውን ብናኝ በሌዘር የሚቆጥር ማሽን ላይ ትሠሪያለሽ ተባልኩ። የተማርኩት ቁልፍ ለመጫን ነው? ይምከሩኝ። ከቱሉ ዲምቱ።»

እህቴ፣ ሂጂ። ቱሉ ዲምቱ እየኖሩ ቂሊንጦ ሥራ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም፤ በየቀኑ መሃል ከተማ ለመድረስ ታክሲ የሚሰለፉ ጎረቤቶችሽን ጠይቂያቸው።

ቁልፉን ለመጫን አንድ ሰከንድ ይበቃል። ሥራው ከዚያ በፊት ያለው ነው። ፈሳሹ በጠባብ መስኮት ሲያልፍ ሌዘር ይበራበታል። ብናኝ ካለ ጥላ ይጥላል፤ ማሽኑም ከጥላው መጠኑን ያሰላል። ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ለሚይዝ የግሉኮስ ጠርሙስ የአሜሪካ ፋርማኮፒያ (የመድኃኒት ጥራት መስፈርት መጽሐፍ) በአንድ ሚሊ ሊትር የሚፈቅደው 10 ማይክሮንና (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ከዚያ በላይ የሆነ ብናኝ ቢበዛ 25 ፍሬ፣ 25 ማይክሮንና ከዚያ በላይ የሆነ ደግሞ ቢበዛ 3 ነው። በደም ሥር የሚገባ ነገር ስለሆነ ቀልድ የለም።

እኔ ስጀምር ናሙናውን እንደ ሳል ሽሮፕ ናጥኩት። ቁጥሩ ጣሪያ ነካ። አለቃዬ ባቹን (በአንድ ዙር የተመረተውን) ሙሉ ሊያስጥል ስልክ አነሳ። አንዲት የቆየች ቴክኒሺያን ጠርሙሱን ብርሃን ላይ ይዛ አየችና «አረፋ ነው የቆጠርከው» አለችኝ። ለሌዘሩ አረፋም ብናኝም ያው ጥላ ነው። ናሙናው ቀስ ተብሎ 20 ጊዜ ይገለበጣል እንጂ አይናጥም፤ ከዚያ አረፋው እስኪወጣ ይቆያል። ቢያንስ 5 ሚሊ ሊትር እየተወሰደ አራቴ ይለካል፤ የመጀመሪያው ውጤት ይጣላል። ታዲያ እስኪያልፍ ድረስ ድገሚ ማለቴ አይደለም። ምክንያቱን አግኝተሽ፣ ጽፈሽ፣ አስፈቅደሽ ነው የምትደግሚው። ቀጣሪ የሚፈልገው ቁጥሩን አይቶ «ቆይ፣ ይሄ ነገር እውነት ነው?» የሚል ሰው ነው።

ሙያው ግሉኮስ ላይ ብቻ አይቀርም። የኤክስካቫተርና የአውሮፕላን ሃይድሮሊክ ዘይት ንጽሕናም በተመሳሳይ ማሽን ነው የሚለካው።

ቃለ መጠይቁ ላይ ማሽኑን ማን ካሊብሬት እንደሚያደርገው (ልኬቱ ትክክል መሆኑን እንደሚፈትሽ)ና በምን ያህል ጊዜ እንደሆነ ጠይቂ። መልስ ካጡ፣ ለስህተቱ ነገ ተጠያቂዋ አንቺ እንዳትሆኚ ጠንቀቅ በይ። ደግሞ ከመፈረምሽ በፊት ለማታ ሽፍት ሰርቪስ እስከ ቱሉ ዲምቱ መኖሩን አረጋግጪ። «ይታሰብበታል» ካሉሽ፣ የለም ማለታቸው ነው።